የኮሮላዋ ጭስ፦ የቱን ቀድመን እንጠግን?

ቅዳሜ፣ የጥቅምት መጀመሪያ

መኪናዋ የታላቅ እህቴ ናት። የ2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ፣ መጀመሪያ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች። የፍጥነት መቁጠሪያዋ ዛሬም በማይል ነው። 1.8 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ቤንዚን። እታለም ጎንደር ውስጥ ልጆቿን በየቀኑ ከማራኪ ፒያሳ ታመላልስባታለች። የሞተር መብራቷ ክረምቱን ሙሉ በርቶ ነው የከረመው። አሁን ደግሞ ከአዘዞ ሽቅብ ስትመለስ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዝም ብሎ የበራ መብራት ጊዜ ይሰጣል። ብልጭ ድርግም የሚለው ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየወረደ ነው፣ የጭሱን መርዝ የሚያጠራው ካታላይስትም እየተጎዳ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መኪናዋን ዛሬውኑ አቆምናት። ልጆቹ ለጊዜው በባጃጅ ይሂዱ ተባለ።

ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘውን ትንሽ ስካነር ሰካሁ። አምስት ኮድ አወጣ። ፒ0302፦ ሁለተኛው ሲሊንደር እሳት ይቆራርጣል። ፒ0171፦ ድብልቁ አየር በዝቶበታል፣ ቤንዚን አንሶታል። ፒ0135፦ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ አይሠራም። ፒ0442፦ ከታንኩ የትነት መስመር ላይ በትንሹ የሚያስተነፍስ ቦታ አለ። ፒ0420፦ ካታላይስቱ ከሚጠበቅበት በታች እየሠራ ነው።

አምስቱም የጭስና የቤንዚን ትነት ጉዳይ ናቸው። እታለም በዚህ ወር ያላት ገንዘብ ግን ለአምስቱ አይበቃም። ቀደም ብላ ያሳየችው አንድ ጋራዥ ሁሉንም ሴንሰር ቀይሪ ብሏታል። ሌላው ደግሞ ካታላይስቱን ቆርጠን በቦታው ቱቦ እንበይድልሽ፣ መኪናሽ ትተነፍሳለች ብሏታል። የመጀመሪያው ምክር ኪስ ያራቁታል። ሁለተኛውን እኔ በሕይወት እያለሁ አላስደርገውም። ምክንያቱን ካታላይስቱ ጋ ስደርስ እጽፈዋለሁ።

ለቅደም ተከተሉ ሁለት ጥያቄ ይዤ ተነሣሁ። አንደኛ፣ ይህ ብልሽት እያደረ ሌላ ዕቃ ያበላሻል ወይ? ሁለተኛ፣ የሚወጣውን ጭስ ማን ይተነፍሰዋል? ዋጋ ከእነዚህ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ርካሹን ቀድሞ መጠገን ደስ ይላል፣ መብራቱ ግን አይጠፋም። ውዱን ቀድሞ መቀየር ደግሞ ይብሳል። የገደለው ነገር ካልታወቀ አዲሱንም ይገድለዋልና።

እሑድ ጠዋት

አንድ ነገር ስካነሩ አልነገረኝም። እታለም ነገረችኝ። «ጠዋት ጠዋት መኪናው ውስጥ ጭስ ጭስ ይሸተኛል፣ ትንሹ ልጅም ራሴን አመመኝ ይላል» አለች። ይህን ከሰማሁ በኋላ ኮዶቹን ሁሉ ወደ ጎን አደረግኋቸው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የሚሸተው አብሮት የሚወጣው ሌላው ጭስ ነው። ጭስ ከኮፈን ሥር እያመለጠ ከሆነ፣ ከፊተኛው መስታወት ግርጌ ያለው የአየር ማስገቢያ ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። መስኮት ዘግቶ የተቀመጠ ልጅ እሱን ነው የሚተነፍሰው።

ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዟል። አስነሣሁት። ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ከሚሰበስበው ከጭስ ማኒፎልዱ በኩል «ትክ ትክ ትክ» የሚል ድምፅ አለ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ይህ የታወቀ ምልክት ነው። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋና ክፍተቱን ለጊዜው ይዘጋዋል። እርጥብ ጨርቅ ይዤ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ከደንኩት። ትክትክታው ጎላ። ኮፈኑን ከፍቼ በባትሪ ሳየው፣ ማኒፎልዱ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር አለ። አንዱ ዳዶ ጨርሶ የለም።

ጋሼ መካኒኩን ጠራሁት። ሰፈራችን ያለ አንጋፋ ሰው ነው፣ እጁ ወርቅ ነው። ማኒፎልዱን አብረን አወረድነው። በመካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ጥጉ ላይ ተበልቷል። አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ፣ የጎደለው ዳዶ ተሟላ፣ ከመሀል ወደ ዳር እያልን አጠበቅን።

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ትንሽ ተከራከርን። ጋሼ ለዋስትና ቀይ ሲሊኮን ልቀባበት ብሎ ነበር። «ጋሼ፣ ተራ ሲሊኮን ሲሞቅ የሚያወጣው ትነት ኦክስጅን ሴንሰሩን ይሸፍነዋል፣ ካታላይስቱንም ይጎዳል። ለሴንሰር አይጎዳም ተብሎ ካልተጻፈበት ይቅርብን» አልኩት። ቱቦውን አገላብጦ አየ። ምንም አልተጻፈበትም። «እንግዲያው ደረቁን ይግባ ልጄ» አለና ተውነው። ንጹሕ ገጽና ደህና ጓርኒሲዮን ካለ ሲሊኮን አያስፈልግም።

ዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረው ሥራ ቀዳሚ ሆነ ማለት ነው። በዚያውም ለቀጣዩ ሥራ ጠቀመን። ከሴንሰሩ በፊት ያለ ክፍተት ጭስ ብቻ አይደለም የሚያስወጣው። በጭሱ ምት መሀል የውጭ አየር ይስባል። ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን ያይና «ቤንዚን አንሷል» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩም ያምነውና ቤንዚን ይጨምራል። ክፍተቱ ሳይደፈን ፒ0171ን ማሳደድ ከንቱ ድካም ነበር።

በሳምንቱ አጋማሽ፣ ከሥራ መልስ

ፒ0302። ካታላይስቱን የሚገድለው ይሄ ነው።

ሲሊንደሩ እሳት ሲስት ቤንዚኑና ኦክስጅኑ ሳይቃጠሉ ወደ ካታላይስቱ ይወርዳሉ። እዚያ ይቃጠላሉ። ካታላይስት በወጉ ሲሠራ ሙቀቱ ከ400 እስከ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ጥሬ ቤንዚን ሲወርድበት ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ በውስጡ ባለው የማር እንጀራ መሳይ ሸክላ ላይ የተቀባው ማዕድን አቅሙን ያጣል፣ ሙቀቱ ከባሰም ሸክላው ራሱ ይቀልጣል። አዲስ ካታላይስት ገዝቶ ይህን ሳይጠግኑ መግጠም ገንዘቡን እሳት ውስጥ መጨመር ነው።

ይህ ሞተር በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ እሳቱን የሚሰጥ የራሱ ኮይል አለው። ስለዚህ መመርመሩ ነጻ ነው። የሁለተኛውን ኮይል ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛውን ወደ ሁለተኛው አዛወርኩ። ካንዴላዎቹን አልነካሁም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው። ኮዱን አጥፍቼ ሞተሩን በቆመበት አሠራሁት። ትንሽ ቆይቶ ፒ0303 መጣ። ብልሽቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄደ። ካንዴላም፣ ኢንጀክተርም፣ ቫልቭም አይደለም። ኮይሉ ነው።

ይህን ሳያደርጉ አራቱንም ኮይል የሚያስቀይሩ ሰዎች አውቃለሁ። አንድ ኮይል መግዛትና አራት መግዛት ለእታለም የአንድ ወር ልዩነት አለው።

ካንዴላዎቹንም አውጥቼ አየኋቸው። ሦስቱ ቀለማቸው ደረቅ ቡኒ ነው፣ ደህና ናቸው። የሁለተኛው ጠቁሯል፣ ቤንዚን ቤንዚንም ይሸታል። እሳት ላላገኘ ካንዴላ የሚጠበቅ ነው። ዘይት የነካው ግን የለም። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር ቢሆን ኖሮ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ካታላይስቱን ቀስ በቀስ ይሸፍነው ነበር። ያኔ ቅደም ተከተሉ ሁሉ ይገለበጥ ነበር፣ ሥራው ከፒስተኑ ቀለበት፣ ከፋሻ፣ ይጀምር ነበር።

ካንዴላ በአራቱም ላይ ቀየርን። አንዱን ብቻ መቀየር አያዋጣም፣ ዕድሜያቸው እኩል ነው። ክፍተቱን በመለኪያ አየሁ፣ ወደ 1.1 ሚሊሜትር። ገበያው ላይ ኢሪዲየም ተብሎ የሚሸጥ ፎርጅድ ካንዴላ ሞልቷል። የኢሪዲየም ጫፍ እንደ መርፌ ቀጭን ነው። ወፍራም ጫፍ ያለው ኢሪዲየም ካጋጠማችሁ ካርቶኑ ነው ኢሪዲየም። ኮይሉን ሰልቫጅ ገዛን፣ ኦሪጅናል ግን ያገለገለ። ከአዲስ ፎርጅድ ያገለገለ ኦሪጅናል እመርጣለሁ።

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ፣ ረጋ። እታለም መሪው ላይ እጇን አድርጋ «መንቀጥቀጡ ቆመ» አለች።

ቅዳሜ

ፒ0171 አልጠፋም። የጭስ ክፍተቱ ተደፍኗል፣ ሲሊንደሮቹ ይሠራሉ፣ ድብልቁ ግን አሁንም አየር በዝቶበታል።

እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ልጻፍ፣ ብዙ ሰው ገንዘብ የሚጥልበት ቦታ ነውና። ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ምን ያህል እያረመ እንደሆነ ስካነሩ በፐርሰንት ያሳያል። ወደ ዜሮ የቀረበ ጥሩ ነው። ከ10 በመቶ ወዲያና ወዲህ ብዙም አያሳስብም። የእኛዋ ሚኒሞ ላይ ከ20 በመቶ በላይ ጨምራለች። ነዳጅ ሰጥቼ 2,500 ዙር ላይ ሳቆማት ግን ወደ 6 ወረደች።

ይህ ብቻ መንገዱን ይነግራል። በሚኒሞ ብሶ ዙር ሲጨምር የሚሻለው፣ ከአየር መቁጠሪያው ኋላ የሚገባ ያልተቆጠረ አየር ሲኖር ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚፈልገው አየር ጥቂት ስለሆነ ያቺ ትንሽ ስንጥቅ ትገናለች። ዙር ሲጨምር በዋናው በር የሚገባው አየር ይበዛና የስንጥቋ ድርሻ ያንሳል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም ዳገት ላይ ቢብስ፣ የቤንዚን ፓምፕ፣ ፊልትሮ ወይም የአየር መቁጠሪያ ሴንሰሩን እጠረጥር ነበር።

ጋሼ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ የቫኪዩም ጌጅ አመጣ። ሰካነው። ሚኒሞ ላይ 11 ኢንች ሜርኩሪ አነበበ፣ መርፌውም ይወዛወዛል። አብሮን የነበረ ወጣት መካኒክ ደነገጠ። «ሞተሩ አልቆለታል፣ መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 ነው የሚለው» አለ። መጽሐፉ ልክ ነው፣ ግን የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ኢንች ይቀነሳል። እዚህ 7 ኢንች ያህል ተቀንሶ ነው መታየት ያለበት። ለጎንደር ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 14 ያነባል። ኮምፕሬሽን ሲለካም እንደዚሁ ነው፣ ቁጥሩ ከመጽሐፉ ያንሳል። ስለዚህ እዚህ አገር ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚታየው። ይህን ባለማወቅ ስንት ደህና ሞተር በከንቱ ተፈትቷል።

11 ስለዚህ መጥፎ ቁጥር አይደለም። የመርፌው መወዛወዝ ነው ጉዳዩ።

የአየር ማኒፎልዱ ከፕላስቲክ ነው። የሚያሽገው ጎሚኒ ሲያረጅ ይደርቃል፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ ይኮማተራል። የጎንደር የጥቅምት ማለዳ ለእሱ አይመችም። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ማኒፎልዱ በሚገጥምበት መስመር ላይ የካርቡራተር ማጽጃ በጥቂቱ ረጨሁ። የጭስ ማኒፎልዱ ሳይግል ነው ይህ የሚደረገው፣ ስፕሬዩ ተቀጣጣይ ነው። በአንዱ ጥግ ስረጭ የሞተሩ ድምፅ ተቀየረ፣ በስካነሩ ላይ ያለው ቁጥርም ወረደ። ቦታው ተገኘ።

ጎሚኒው ተቀየረ። አንድ የደረቀ የቫኪዩም ቱቦም በዚያው ተቀየረ፣ በአዲስ ፋሸታ ታሰረ። የአየር መቁጠሪያ ሴንሰሩን በራሱ ማጽጃ አጠብኩት። በእጅም በጨርቅም አይነካም፣ ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ ፀጉር ነው። የአየር ፊልትሮው አቧራ ጠጥቶ ነበር፣ እሱም ወጣ።

አሁን ሚኒሞ ላይ 5 በመቶ፣ 2,500 ላይ 3። የቫኪዩም መርፌው 13 ላይ ቆሞ አይነቃነቅም።

ይህ ሥራ ከሦስተኛ ደረጃ በታች መውረድ ያልነበረበት ምክንያት አለ። ድብልቁ አየር ሲበዛበት ቃጠሎው ይግላል፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይበዛሉ። ካታላይስቱ ደግሞ ኦክስጅን ሞልቶት እነሱን መበተን አይችልም። ሦስቱንም መርዞች፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን፣ አብሮ ማጥፋት የሚችለው ድብልቁ በ14.7 ኪሎ አየር 1 ኪሎ ቤንዚን አካባቢ ሲሆን ብቻ ነው። ድብልቁ ሳይስተካከል ካታላይስቱን መፍረድ ግፍ ነው።

እሑድ፣ ባጭሩ

ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ትነት መልሶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚያሳልፈውን የክራንክ ትነት ቫልቭ አወጣሁ። አንቀጨቀጥኩት፣ ኳሱ ይንቀጫቀጫል። አጠብኩት፣ መለስኩት። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አየሁ፣ ልኩ ላይ ነው። እዚህ የሚጻፍ ሌላ ነገር የለም።

የኅዳር መጀመሪያ

የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ተራ ደረሰ። ማሞቂያው ነው የሞተው፣ ሴንሰሩ ራሱ ሲሞቅ ይሠራል። ታዲያ ለምን ይቀየራል? እታለም የምትነዳው አጭር ርቀት ስለሆነ ነው። ማራኪ፣ ፒያሳ፣ ገበያ፣ ቤት። ሴንሰሩ ካልሞቀ አያነብም። ማሞቂያው ካለ ቶሎ ይነሣል። ከሌለ በጭሱ ሙቀት እስኪግል መጠበቅ አለበት። እስከዚያ ኮምፒውተሩ በግምት ቤንዚን ያፈሳል። ቤንዚን ይባክናል፣ ልጆች በሚሰበሰቡበት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ደግሞ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ይህ ኮድ ወደ ኋላ ሊቆይ ይችል ነበር። ለእታለም ግን አይቆይም።

መጀመሪያ ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። ሶኬቱ ላይ ኮረንቲ ይደርሳል። ከዚያ የማሞቂያውን ሁለት ሽቦዎች በመልቲሜትር ለካሁ። መስመሩ ተቆርጧል፣ ምንም አያነብም። አሁን ነው ሴንሰሩ ሞቷል ማለት የሚቻለው። ኮዱ ብቻውን ፊውዝና ሽቦን ከሴንሰር አይለይም።

ዝገት ይዞት ስለነበር ዘይት አርሰን አሳደርነው። በማግስቱ ሞተሩን ትንሽ አሙቀን ፈታነው። አዲሱን የገዛነው ከነሶኬቱ ነው። ሽቦው ተቆርጦ የሚቀጠለው ዓይነት ርካሽ ነው፣ ነገር ግን አሠራሩን ለማያውቅ ኤሌትሪሲስት አይሰጥም። ይህ ሴንሰር የሚያወዳድርበትን የውጭ አየር የሚያገኘው በሽቦዎቹ ውስጥ ነው። በቆርቆሮ ቀልጦ ከተበየደ ወይም በግራሶ ከተሞላ ይታፈናል፣ ንባቡም ይዛባል።

ከገጠምነው በኋላ በስካነሩ ላይ ግራፉን አየሁ። ከ0.1 ወደ 0.9 ቮልት፣ ከ0.9 ወደ 0.1 ይመላለሳል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ። ይህን ግራፍ ማየት በጣም ደስ ይለኛል።

ኅዳር፣ መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ቀን

አሁን ካታላይስቱ።

ጋሼ በግልጽ ነበር የመከረው። «ልጄ፣ ስንቱን ቆርጬ አውጥቻለሁ፣ ማንም አልተመለሰብኝም» አለ። አምነዋለሁ። መኪናው ይሄዳል። ባለቤቱ የሚያየው ለውጥ የለም። ለውጡን የሚያየው ከኋላ የቆመው ሰው ነው። በውስጡ ያሉት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹን ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለውጣሉ። ቱቦ ተበይዶ ሲወጣ ይህ ሁሉ እንዳለ መንገድ ላይ ይፈሳል። የፒያሳ መንገድ ጠባብ ነው፣ እግረኛው ብዙ ነው፣ ጀበና ጥደው የሚቀመጡት እናቶች ከመኪናው ጭስ ማውጫ ያላቸው ርቀት አንድ እርምጃ ነው።

ድሮ እዚህ ካታላይስት መያዝ ትርጉም አልነበረውም የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ቤንዚኑ እርሳስ ሲኖረው ልክ ነበር፣ እርሳስ ካታላይስት ይገድላል። ነገር ግን ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ እርሳስ ያለውን ቤንዚን ትቷል። ያ ምክንያት አልፏል። ደግሞም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ያሉን ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። የሚተነፍሱትን ነገር ማስተካከል የእኛ ሥራ ነው።

ምርመራው እንዲህ ሆነ። በጎማ መዶሻ ቀስ አድርጌ መታሁት። የሚንኳኳ የተሰበረ ነገር የለውም። ቫኪዩም ጌጁን ሰክቼ 2,500 ዙር ላይ ያዝኩት። ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ መርፌው ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። አልወረደም። ኮዶቹን አጠፋሁና በአዘዞ፣ በጠዳ በኩል ወደ ማክሰኚት ወጣሁ። ጠዳ አካባቢ መንገዱ ሜዳ ነው፣ በአንድ ፍጥነት ረጋ ብሎ መንዳት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ካታላይስቱን የሚፈትነው እንዲህ ሲነዳ ነው፣ ከተማ ውስጥ በማርሽና በፍሬን መሀል አይፈትነውም። ኮድ አጥፍቶ ወዲያው ለቦሎ ምርመራ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። መብራቱ የጠፋው ፈተናው ስላልተደረገ ሊሆን ይችላል።

የኋለኛውን ሴንሰር ግራፍ አብሮኝ የሄደው የእህቴ ባል ያይልኝ ነበር። ካታላይስቱ ኦክስጅን መያዝ ከቻለ የፊተኛው ሲመላለስ የኋለኛው ረግቶ መቆም አለበት። 0.65 ቮልት አካባቢ ቆመ። አልፎ አልፎ ዝቅ ይልና ይመለሳል። ከመጠገኑ በፊት ግን የፊተኛውን እየተከተለ ይዘል ነበር።

ማክሰኚት ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ፈተናው «ተጠናቋል» አለ። ፒ0420 የለም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልመጣም።

ካታላይስቱ አርጅቷል፣ ያ ዝቅ ማለቱ ይናገራል። ግን ይሠራል። የአዲስ ኦሪጅናል ካታላይስትን ዋጋ እስካሁን የወጣው ወጪ ሁሉ ተደምሮ አይስተካከለውም። ጋሼ ቤት ሄጄ ግራፉን ሳሳየው ረጅም ጊዜ አየው። ቀጥሎ የጠየቀኝ «ይህቺ ስካነር ስንት ትሸጣለች?» ነበር። አንዷን እንድገዛለት ተስማማን።

ከዚያ ወዲህ

የቀረው ፒ0442 ነው። መጨረሻ ያደረግሁት ምንም ስለማያበላሽ ነው። ከታንኩ የሚተነው ቤንዚን ወደ ከሰል ማጠራቀሚያው መሄድ ሲገባው በትንሽ ቀዳዳ ወደ አየር ይወጣል። ሞተሩ አይጎዳም፣ ካታላይስቱ አይጎዳም። ያም ሆኖ ሽታው ጊቢ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ እንዲሁ አልተውኩትም። በከፍታችን ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ቤንዚን እዚህ ከቆላ ይልቅ ቀለል ብሎ ይተናል።

የታንኩን ክዳን ግን መጀመሪያውኑ አይቼው ነበር፣ ማየቱ ገንዘብ አይጠይቅም። የክዳኑ ጎሚኒ ተሰንጥቋል። አዲስ ክዳን ገባ። ሽታው ቀነሰ፣ ኮዱ ግን ከቆይታ በኋላ ተመለሰ። ከመኪናዋ ሥር ገብቼ ሳይ ወደ ከሰል ማጠራቀሚያው የሚሄደው አንዱ ቱቦ መታጠፊያው ላይ ተሰነጣጥቋል። ተራ የውኃ ቱቦ እንዳይገባበት ለጋሼ ነገርኩት፣ የቤንዚን ትነት ያቀልጠዋል። ለቤንዚን የተሠራ ቱቦ በልኩ እዚህ አላገኘንም፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ልከናል።

ቱቦው ሲገባ ፈተናው የሚደረገው ሞተሩ አድሮ ሲነሣና ታንኩ ሙሉም ባዶም ሳይሆን ነው። አንድ ወዳጄ ደባርቅ ይዘሃት ሄደህ እዚያው ሞክራት ብሎኛል። እዚያ ግን አይሆንም። ለአሜሪካ የተሠሩ መኪኖች ከ2,440 ሜትር በላይ እንዲህ ያለውን ፈተና እንዲዘሉ ይፈቀድላቸዋል፣ ደባርቅ ደግሞ ከዚያ በላይ ናት። ጎንደር ከወሰኑ በታች ስለሆነች እዚሁ ማራኪ፣ ጠዋት፣ በግማሽ ታንክ እሞክራታለሁ።